የስደተኛው ቀለብና የጥርሱ መናጋት

ተከዜ የኢትዮጵያን ቆላ ሰንጥቆ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ተብሎ ይጠራል፤ በዚህ ወንዝ ዳር ያለችው ወድ ኤል ሒለውና ከእርሷ አንሥቶ እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው ጥቁር መሬት፣ በ1959 ዓ.ም. ከኤርትራ የተሰደዱትን፣ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ያፈለሳቸውን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጦርነት ሸሽተው በሐምዳይት በኩል የተሻገሩትን በየዘመኑ የተቀበለ ምድር ነው። ስለዚህ ፍልሰት ሲጻፍ የመጣው እህል በኩንታል፣ የተተከለው ድንኳን በቍጥር ይነገራል፤ ያን እህል የሚያኝከው ጥርስ በምን ሁኔታ እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ የአዋቂ ስደተኛ ጥርስ መናጋት የቀለቡን ጉድለት ከማናቸውም መዝገብ ይልቅ በግልጥ ይመሰክራል እላለሁ።

ይህም በግምት የተነገረ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምሥራቅ ሱዳንና በሶማልያ መጠለያዎች የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ስከርቪ በሚባለው ደዌ ተመትተው ነበር፤ ድዳቸው አብጦ ደማ፣ መገጣጠሚያቸው ታመመ፣ ጥርሳቸው ከሥሩ ተናጋ። በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ደዌው ይበልጥ የበረታው በሴቶችና በዕድሜ በገፉት ላይ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰው በመጠለያው በቆየ መጠን በደዌው የመያዙ ነገር እየጨመረ ይሄድ ነበር። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ስደተኛው ሕመሙን ከአገሩ ይዞት አልመጣም፣ ያገኘው ነፍሱን እንዲያቆይለት ከተሰጠው መዓድ ነው።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ጥርስ በመንጋጋ ዐፅም ውስጥ የሚጸናው በጥቃቅን የሥጋ ክሮች ታስሮ ነው፤ እነዚህን ክሮች ሰውነት ዘወትር የሚያድሳቸው በቫይታሚን ሲ ረዳትነት ሲሆን፣ የሰው ሰውነት ይህን ቫይታሚን ራሱ መሥራት አይችልም፣ ለረጅም ጊዜም አያከማቸውም። ስለዚህ ማሽላ፣ ምስር፣ ዘይትና ጨው ብቻ እየተሰፈረለት ከአንድ እስከ ሦስት ወር አረንጓዴና ትኩስ ነገር ያልቀመሰ ሰው፣ ሆዱ ቢሞላም እንኳ የጥርሱ ማሰሪያ ይላላል። ጄምስ ሊንድ የተባለው የመርከብ ሐኪም በ1747 እ.ኤ.አ. ሕሙማን መርከበኞችን በብርቱካንና በሎሚ ሲፈውስ ይህ ነገር ተገልጦ ነበርና፣ ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ በመጠለያ መታየቱ የእውቀት ማነስ ሳይሆን የአስተዳደር ጉድለት ነው።

ሆኖም የአዋቂ ጥርስ መናጋት ሁሉ ከስከርቪ የመጣ አይደለም፤ በከተማም በገጠርም ዋናው መንሥኤ የድድ ደዌ ነው። ያልጸዳ ዝቃጭ በጥርስ ግርጌ ተከማችቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ በውስጡ የሚራቡት ረቂቃን ተሕዋስያን ድዱን ያስቈጣሉ፣ ቁጣው ሲቆይ ጥርሱ የቆመበት ዐፅም እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ትንባሆና የስኳር በሽታም ያብሱታል። ይህ ደዌ ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ስለሚገሠግሥ፣ ሰው ጥርሱ ሲነቃነቅ እርጅና መጣ ብሎ ይቀመጣል እንጂ በፊት ድዱ ሲደማ የተነገረውን ማስጠንቀቂያ አይሰማም። እናቶቻችን ድዳቸውን የተነቀሱት ጌጥም መድኃኒትም ይሆናል ብለው ነበር፤ ንቅሳት ግን ድዱን ያጠቍራል እንጂ ከሥሩ ያለውን ዝቃጭ አያነሣም። መፋቂያቸው ግን እውነተኛ ሀብት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የመፋቂያን አጠቃቀም አበረታቷል። በሱዳን በብዛት ከሚወሰደው ቶምባክ ከሚባለው ትንባሆ ግን የእኛ ሰው ይራቅ፤ ድዱን ብቻ ሳይሆን አፉን በሙሉ ለካንሰር ያጋልጣልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እርዳታ የሚሰፍሩ ሁሉ ከእህሉ ጋራ ትኩስ አትክልት፣ ወይም አትክልት የሚገዛበትን ገንዘብ፣ በወንዝ ዳርም ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበትን ጥቂት መሬት የቀለቡ አካል አድርገው ይቍጠሩ። በዚያ ቆላ የሚበቅለው፣ ሱዳኖች ጎንጎሌዝ የሚሉት ፍሬ በቫይታሚን ሲ ባለጸጋ ስለሆነ አይናቅ። ይህ ሁሉ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ በእጃችን ያለ ጥበብ አለ፤ እርሱም አበው በጾም የሚመገቡት በቆልት ነው። ደረቅ ምስር ይህ ቫይታሚን የለውም ማለት ይቻላል፤ በንጹሕ ውሃ ተነክሮ ሁለትና ሦስት ቀን ሲበቅል ግን በውስጡ ይፈጠራል። ብዙ መቀቀል ስለሚያጠፋው ጥቂት ብቻ ፈላ አድርጎ መመገብ ይገባል።

በየመጠለያው የሕፃናት ክብደት እንደሚመዘን ሁሉ፣ የአዋቂዎችም ድድ ይታይ፤ የሚደማው ሲበዛ የቀለቡ ስፍር ራሱ እንዲታረም ሕግ ይሁን። በሎሚና በበቆልት የሚገታ ደዌ የሰውን ጥርስ ካረገፈ፣ ተጠያቂው የስደተኛው ዕድል ሳይሆን ቀለቡን የሰፈረው እጅ ነው።