አረጋውያንን ስንጠይቅ ምን እንጠይቃቸው?



በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። የታመመውን፣ የታሰረውን፣ ያረጀውን ሄዶ ማየት መጠየቅ ነው። ያላወቁትን ለማወቅ መመርመርም መጠየቅ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ ፍርድ ቀን ሲያስተምር ከቆጠራቸው ምግባራት አንዱ የታመመውን መጠየቅ እንደሆነ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይሁን እንጂ እኛ ወጣቶች የመጀመሪያውን ፍቺ አጥብቀን ስንይዝ ሁለተኛውን የተውነው ይመስለኛል።

በትንሣኤና በዘመን መለወጫ ሰሞን ወደ አረጋውያን መጦሪያ የሚደረገውን ጉዞ አስቡት። ድፎ ዳቦ፣ ሳሙናና አልባሳት ይዘን እንሄዳለን። መዝሙር እንዘምራለን፤ ጉልበት ስመን፣ ምርቃት ተቀብለን፣ ዐይናችን እንባ አቅርሮ እንመለሳለን። መልካም ነው። ግን ከመካከላችን «እማሆይ፣ ሌሊት መውጣት ሲያስፈልግዎ ማን ያነሣዎታል?» ብሎ የጠየቀ ማን ነው?

«ጧሪ ቀባሪ ያጡትን ሰብስቦ የሚያበላን ሰው መመርመር ነውር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን ብሎ ማለፍ ይሻላል» የሚሉ አሉ። አሳባቸውን አልንቀውም። በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ከጎዳና አንሥቶ ይጦራል፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መርሑም ብዙዎችን ለበጎ ሥራ አነሣሥቷል። በእርግጥ እጅን ለመዘርጋት ሰው መሆን ይበቃል። የተዘረጋው እጅ በአልጋ ላይ የዋሉትን አረጋዊ ከቁስል እንዲጠብቅ ግን ሥልጠና፣ ተረኛ፣ መዝገብና ጠያቂ ያስፈልገዋል። ይህን ስል ማዕከሉን መንቀፌ አይደለም። እንዲህ ያሉ ቤቶችን የሚደግፍ ምእመን ከገንዘቡ ጋር ዐይኑንም ይስጣቸው ማለቴ ነው።

ከሩቅ ሀገር አንድ ምስክር ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ1994 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ሮቢን ፎክስ፣ ማዘር ቴሬዛ በህንድ ካልካታ ያቋቋሙትንና በሞት አፋፍ ያሉ ድኾች የሚያርፉበትን ቤት ጎብኝቶ ያየውን ጻፈ። የአገልጋዮቹን ርኅራኄ፣ የቤቱን ንጽሕና፣ ለቁስል የሚደረገውን ጥንቃቄ አመሰገነ። ከዚያም ብርቱ ሕመም ላለባቸው የሚሰጥ በቂ ማስታገሻ አለመኖሩን፣ ሊድን የሚችለውም ከማይድነው በሚገባ አለመለየቱን ገለጸ። ርኅራኄ በሞላበት ቤት ውስጥ ሊቀልለት የሚችለውን ሕመም ዝም ብሎ የሚሸከም ሰው ነበረ ማለት ነው።

እኔ ግን ዲያቆን ነኝና ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚነካኝ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ነው። ዲቁና ከምን እንደ ተጀመረ አስተውላችኋልን? ከቅሬታ ነው። በኢየሩሳሌም በነበረችው ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ በሚታደለው ማዕድ የእኛ መበለቶች ችላ ተባሉ የሚል ማጉረምረም ከግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ ተነሣ። ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ በነጻ ለሚበላ ሰው ምን ቅሬታ አለው አላሉም። ምእመናኑን ሰብስበው በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱን ስም አንብቡ፤ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታው ከተነሣበት ወገን የተመረጡ ይመስላል። እንግዲህ እነዚህ ሰባቱ መጀመሪያ የተሾሙት እንጀራው ለእያንዳንዷ መበለት መድረሱን እንዲያረጋግጡ ነው። እኛ ጥቅምት 17 የቅዱስ እስጢፋኖስን ሹመት፣ ጥር 1 ሰማዕትነቱን ስናከብር ስለ ድንጋዩ ብዙ እንሰብካለን፤ ስለ እንጀራው ግን ጥቂት ነው የምንናገረው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም እ.ኤ.አ. በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሲሾም ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ የመጋቢውን የሒሳብ መዝገብ መመርመር እንደ ነበረ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጳላድዮስ ይነግረናል። ለቤተ ክርስቲያን የማይጠቅመውን ወጪ አስቆመ፤ የጳጳሱን ቤት ወጪ ቀንሶ ትርፉን ወደ ሕሙማን ቤት አዛወረ፤ ሌሎች የሕሙማን ቤቶችም አሠርቶ ሁለት መንፈሳውያን ካህናት፣ ሐኪሞችና ወጥ ሠሪዎች መደበላቸው። ወጥ ሠሪዎቹ ሳይረሱ መጠቀሳቸው ደስ ይለኛል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? በዩኒቨርሲቲ ስለ ጤና አገልግሎት ጥራት ስንማር ቀድሞ የሚጠራልን ስም በቤይሩት የተወለደው አርመናዊው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፉ ጥራትን በሦስት ወገን መርምሩ ብሏል፤ ቤቱና መሣሪያው ምን ይመስላል፣ ሥራው እንዴት ይሠራል፣ በታማሚው ላይ ምን ውጤት ታየ። የበዓል ጎብኚ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አልጋውን ይቈጥራል፣ ብርድ ልብሱን ይዳስሳል፣ የግድግዳውን ቀለም ያደንቃል። ይኸው ሊቅ ሊያርፍ ሲል በሰጠው ቃለ ምልልስ የጥራት ምሥጢር ፍቅር እንደሆነ፣ ፍቅር ካለ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አሠራሩን መከታተልና ማሻሻል እንደሚቻል መናገሩን ሳነብ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር የሰማሁ መሰለኝ።

ውጤቱ የሚነበበው በሰውነት ላይ ነው። ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ አረጋዊ በአንድ ጎናቸው ብዙ ሰዓት ሲተኙ፣ አጥንት በሚጫንበት በተረከዝ፣ በዳሌና በወገብ መጨረሻ ላይ ደም ይታገዳል፤ ቆዳው ይቆጣል፣ ውሎ አድሮ ይቆስላል። ስለዚህ በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ ይመከራል። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ለሚሆን ሌሊት አስሉት፤ ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ብዙ አልጋ ባለበት ክፍል አንድ ተረኛ ብቻ ካደረ ይህ እንደማይሠራ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። የአረጋውያኑን ገላ ገልጣችሁ እዩ አላልኩም፤ እርሱን ከአስተዳደሩ ፈቃድ ጠይቀው ከመካከላችን ነርሶችና ሐኪሞች የሆኑት ይዩ። እናንተ ሌሊት ስንት ሰው እንደሚያድር ጠይቁ።

ውኃውንም ተመልከቱ። ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይቀንሳል፤ ውኃ ያነሰው አረጋዊ ይደክማል፣ አሳቡም ሊምታታ ይችላል፣ እኛም «ጃጅተዋል» ብለን እናልፋለን። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አለ። የሚያነሣቸው እንደሌለ የሚያውቁ እናት ሌሊት እንዳይቸገሩ ብለው ከቀትር በኋላ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ። ከአልጋቸው አጠገብ ጣሳው ሞልቶ ብታዩት እንኳ ለምን እንዳልጠጡት ጠይቁ። ጥርስ ለሌላቸው እንጀራው ተፈትፍቶ፣ በወጥ ርሶ ይቀርብላቸዋልን? ክብደታቸው በየወሩ ይመዘናልን? በዐቢይ ጾምስ የስኳር ሕመም ያለባቸውን የንስሐ አባታቸው መክሯቸዋል ወይስ ሁሉም እንደ አቅሙ ይሁን ተብሎ ተትቷል?

እኛ ኦርቶዶክሳውያን የምንጨምረው አንድ ጥያቄ አለ፤ የውጭዎቹ መመዘኛዎች አይጠይቁትም። የክርስትና ስማቸው ተመዝግቧልን? ከጎዳና የተነሡ፣ ትዝታቸው እየከዳቸው ያሉ እናት ዛሬ ስማቸውን ሊነግሩን ይችሉ ይሆናል፤ ከዓመት በኋላ ግን ላይችሉ ይችላሉ። በዕረፍታቸው ቀን ካህኑ ለፍትሐት ሲቆም በምን ስም ይጠራቸዋል? ይህን መዝገብ ለመሥራት አንድ ደብተርና አንድ ትዕግሥተኛ ልጅ ይበቃል። ሥጋ ወደሙ ለመቀበል የሚሹትን ማን ያደርሳቸዋል፣ ካህንስ በየስንት ጊዜው ይመጣል የሚለውም በዚያው ደብተር ይግባ።

ስለ ፎቶግራፍ ጥቂት ልበል። አረጋዊውን ስናጎርሳቸው የተነሣውን ምስል በቴሌግራምና በቲክቶክ መልቀቅ ልማድ ሆኗል። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያየሁት ነው። ስጦታ ይስባል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ለቁራሽ ዳቦ ፊታቸውን የሚከፍሉ ሰዎች ሆነዋል። ሽንት ያራሰውን አልጋ፣ ያደፈውን ገላ ማሳየትማ በገዛ እናታችን ላይ ቢደረግ የምንታገሠው አይደለም። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ እንቢ ለማለት ነጻነት ያላቸው መሆኑን ካላወቃችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

«ይህ ሁሉ ለትልልቅ ከተሞች ነው» የሚል የዱርቤቴ አንባቢ ይኖራል። በእኛ ዘንድ አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በልጆቹ ቤት፣ አለዚያም ቆብ ደፍቶ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በምትገኝ ጎጆ ነው። ጥያቄው ግን አይለወጥም፤ እንዲያውም ይብሳል፤ የቤተሰብን ጓዳ የሚጎበኝ ተቆጣጣሪ የለምና። በገጠሩ አቸፈር ገበሬው ጡረታ የለውም፤ ያለው መሬቱ ነው፤ መሬቱን ለሚጦረው ልጅ ይሰጣል። ከሰጠ በኋላ በዚያ ቤት ያለው ጥሬ ሀብት ሁሉ የልጁ ነው፤ አባት የሚቀረው የልጁ ኅሊና ብቻ ነው። ሌሎቹ ልጆች ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዐረብ ሀገር ሄደዋል፤ በስልክ «እንዴት ነው አባባ?» ሲሉ ስልኩን የሚይዘው የሚጦራቸው ልጅ ነው። አባት በእርሱ ፊት «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ከማለት ሌላ ምን ይመልሳሉ?

ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 5 ልጆችና የልጅ ልጆች አስቀድመው ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን እንዲማሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በእውነት ብቸኛ የሆኑትን መበለቶች እንድትረዳ ያዝዛል። በመዝገብ የምትጻፈው መበለት ዕድሜዋ ከ60 ያላነሰ ይሁን ማለቱን ልብ በሉ። የሀገራችን መደበኛ የጡረታ ዕድሜም 60 መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሐዋርያው መዝገብ ነበረው፤ የእኛ ደብር አረጋውያን መዝገብ የት አለ?

ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ምግባረ ሠናይ ክፍል የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ አርባ ሆነን ከመሄድ፣ በወር አንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነን በዓል ባልሆነ ቀን፣ ሰዓቱን ሳናሳውቅ፣ ሁልጊዜ ወደ እነዚያው ሰዎች እንሂድ፤ አረጋዊ ልባቸውን የሚከፍቱት ለሚያውቁት ፊት ነውና። ተንከባካቢዎቹንም እንጠይቃቸው፤ ብዙዎቹ በትንሽ ደመወዝ ወገባቸው እስኪቆረጥ የሚደክሙ እኅቶቻችን ናቸው። ጉድለት ስናገኝ አስቀድመን ለቤቱ ኃላፊ በጨዋ ደንብ ለብቻው እንንገር፤ መደብደብ፣ ማሰር ወይም ገንዘብ መንጠቅ ካየን ግን ለሕግ ከማሳወቅ ወደ ኋላ አንበል። ለመጪው ትንሣኤ ለኬክና ለለስላሳ የምናዋጣውን ገንዘብ ደግሞ ለአንድ የሌሊት ተረኛ ደመወዝ እናድርገው፤ ስንት ወር እንደሚያስኬድ የክፍሉ ሒሳብ ያዥ በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ አስልቶ እንዲያቀርብልን እጠይቃለሁ።