«መልሱን ብቻ ላክልኝ»

ቡታጅራ ያለችው የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት የፊዚክስ የቤት ሥራዋን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ መልሱን ብቻ» ይላል። ሁለት ኃይሎች፣ 300 እና 400 ኒውተን፣ በ90 ዲግሪ። «500» ብዬ ላክሁላት። ማታ ደውዬ «እንዴት 500 ሆነ?» ስላት «አንተ አይደለህ እንዴ ያልከው?» አለችኝ።

አፈርኩ። ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። በየቻናሉ የተሠራ ወርክሺት ይዞራል፤ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሯል። ይህን «እገዛ» ብለን መጥራት እናቁም። ልጁን ከጥያቄው መገላገል እንጂ ማስተማር አይደለም።

ደግሞ ቬክተር ለወልቂጤና ለቡታጅራ ልጅ ሩቅ ነገር አይደለም። በክረምት ጭቃ የያዘውን ባጃጅ አንዱ ወደ ፊት በ300፣ ሌላው ወደ ጎን በ400 ኒውተን ቢስቡት ባጃጁ ወዴት ይሄዳል? ወደ ፊትም ወደ ጎንም ሳይሆን በመሃል ሰያፍ ነው፤ የሁለቱ ድምር ጉልበትም 500 ነው። 700 የሚሆነው በአንድ አቅጣጫ ሲስቡ ነው፤ ተቃራኒ ከሆኑ 100 ብቻ ይቀራል። ልጅቷን የጣላት ይህ አልነበረም። የጣላት «ሪዛልታንት» የሚለው ቃል ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ወይም በጉራጊኛ አምስት ደቂቃ የሚያስረዳት ሰው ግን አጣች።

«ዋናው ፈተና ማለፍ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ፈተናውን እንይ። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ስልክ ይዞ መግባት የለም። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። መልስ ብቻ ሲላክለት የኖረ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ማንን ይጠይቃል?

«መምህሩስ?» ትሉኝ ይሆናል። በዚህ ደመወዝና በዚህ የተማሪ ብዛት የመምህሩን ሸክም አውቀዋለሁ፤ መንግሥትም ተጠያቂ ነው። ይህ ግን እኛን ነፃ አያወጣንም። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ መንግሥት እስኪሠራለት ሳይጠብቅ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያወጣ ሕዝብ ነው። ዛሬ ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ለመስቀልና ለአረፋ ከየከተማው የሚገባው የተማረ ሰውም ብዙ ነው። ክትፎው እስኪቀርብ ከአንድ ልጅ ጋር አንድ ጥያቄ መሥራት ያቅተናል?

እኔ ከራሴ ጀምሬያለሁ። አሁን ፎቶ ሲላክልኝ መልስ አልልክም። «መጀመሪያ ቀስቶቹን ሥለሽ ላኪልኝ» እላለሁ። ትላንት የላከችው ሥዕል የተሳሳተ ነበር፤ ስህተቱ ግን የራሷ ነው። ከዚያ ተነሥተን አርባ ደቂቃ አወራን።

እናንተም «መልሱን ብቻ» የሚላችሁ ልጅ ካለ ዛሬ ደውሉለት።