ሃምሳ ልጆችና አንድ መምህር

ዛሬ ልጆቻችን በክፍል ውስጥ ስለሚያሳዩት ጠባይ እንነጋገራለን።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው አማኑኤልን ያውቃል። በዚያች ከተማ አካባቢ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የሆነውን እንንገራችሁ። የሰዎቹን ስም አንጠራም። ነገሩ በየቤታችን ያለ ነው።

አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ነበር። መምህሩ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሲዞሩ ልጁ ጎረቤቱን ያናግራል። ደብተሩን ይጎትትበታል። አንዳንዴም ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ፊት ይንጠራራል። መምህሩ ተቆጡት። አልተወም። በኩርኩም መቱት። አልተወም። አንበረከኩት። አሁንም አልተወም። በመጨረሻ፣ “ነገ ወላጅ ይዘህ ና! ያለ ወላጅ እንዳትገባ!” አሉት።

ልጁ ለአባቱ መንገር ፈራ። ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከቤት ይወጣል። ትምህርት ቤት ግን አይደርስም። ወንዝ ዳር ከእረኞች ጋር ይውላል። ተማሪዎች ሲለቀቁ ከእነሱ ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል። እንዲህ እያለ አንድ ሳምንት ሞላው። አባት ነገሩን የሰሙት በገበያ ቀን ከጎረቤት ነው። ተናደዱ። አርጩሜ ቆረጡና ልጁን እየነዱ ትምህርት ቤት ሄዱ።

“መምህር፣ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ እንደ ልብዎ ይግረፉት” አሉ።

መምህሩ አርጩሜውን ተቀብለው ጥግ አስቀመጡት። “አባቴ፣ ቅጣቱን እኔም ሞክሬው አልሆነልኝም። እስቲ ዛሬ እንጠይቀው” አሉ። ልጁን በመካከላቸው አስቀምጠው ጠየቁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ኋላ ግን፣ “ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አይታየኝም። ምን ይላል እያልኩ ነው የምጠይቀው” አለ።

ነገሩ ለካ ይኸ ነበር። ልጁ የሚቀመጠው ከሁሉም ኋላ ነው። መምህሩ ወደ ፊት አመጡት። አባትም ጤና ጣቢያ ወስደው ዓይኑን አሳዩለት። ከዚያ ወዲህ ልጁ መልአክ አልሆነም። ልጅ ነውና አልፎ አልፎ ይረብሻል። ትምህርቱን ግን አላቋረጠም። ለጥቂት እኮ እንደወጣ ሊቀር ነበር።

በመምህሩም ቶሎ አንፍረድ። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። በክፍሉ 50 ልጆች አሉ። 40 ደቂቃ ለ50 ልጆች ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 48 ሴኮንድ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። መምህሩ በየቀኑ 10 ደቂቃ በቁጣና በቅጣት ቢያጠፉ በአምስት ቀን 50 ደቂቃ ይሆናል። ይኸ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ነው። የጠፋው ጊዜ የረባሹ ብቻ አይደለም፤ የሃምሳውም ልጅ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አባቶቻችን፣ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላሉ። ሃምሳ ልጅም ለአንድ መምህር ሸክም ነው። ሸክሙን መካፈል አለብን።

የመምህሩ ድርሻ አለ። ክፍል መያዝ የሚያውቁበት መምህራን ከዓመቱ መጀመሪያ ከልጆቹ ጋር ሦስት ወይም አራት ደንብ ያወጣሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። መናገር የፈለገ እጁን ያወጣል። በተሳሳተ ልጅ አይሳቅም። ደንቡን ልጆቹ ራሳቸው ስላወጡት ይጠብቁታል። ደግሞም መምህሩ ክፍሉ ዝም ሳይል ማስተማር አይጀምሩም። በጩኸት ላይ አይጮሁም። እጁ ሥራ የፈታውን ልጅ ጠመኔ ያሲዙታል፤ ደብተር ያሰበስቡታል። ያጠፋውን ብቻ ሳይሆን ደግ የሠራውንም በስሙ ጠርተው ያመሰግናሉ።

የልጆቹም ድርሻ አለ። የሰበረ ይጠግናል። ያቆሸሸ ያጸዳል። የሰደበ ይቅርታ ይጠይቃል።

የእኛስ የወላጆች ድርሻ? ልጅ ሳይበላ ከሄደ ሆዱ እንጂ ጆሮው አይሰማም። ቆሎም ቢሆን ይያዝ። ሌሊት ማሳ ሲጠብቅ ያደረ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢተኛ ሰነፍ አንበለው። ማታ ማታ፣ “ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ አንብብልኝ” እንበለው። ዛሬ ፊደል ለይተናልና አብረን መከተል እንችላለን። “ወላጅ ጥራ” ከተባለ ደግሞ ቶሎ እንሂድ። ስንሄድ ግን አርጩሜ አንያዝ።

“ካልተገረፈ ልጅ አይባልግም ወይ?” የሚል አይጠፋም። ልጅ መቀጣት የለበትም አላልንም። ግርፊያ ግን ልጁን ምን አስተማረው? ወንዝ ዳር መደበቅን ነው ያስተማረው። ሕጉም ቢሆን ግርፊያን አይፈቅድም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ይናገራል። ልጅ በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ደግሞም የራሳችንን እናስታውስ። ፊደል ስንቆጥር፣ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳው ፊት ስንቆም እጃችን ተንቀጥቅጦ ነበር አይደል? ያን ጊዜ ሰው ቢስቅብን፣ ኩርኩምም ቢያርፍብን በማግስቱ እንመለስ ነበር? ትልቅ ሰው የማይችለውን ልጅ እንዴት ይችለዋል?

እንግዲህ ልጃችን ረበሸ ሲሉን፣ “ምን ሆኖ ነው?” ብለን እንጠይቅ። መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ መምህሩን። ቅጣቱ ቢያስፈልግ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይኽን ካነበባችሁ በኋላ ከጎረቤት ጋር ተወያዩበት፦

1. ልጁ ለአባቱ መናገር ለምን ፈራ?
2. ልጃችሁ በክፍል ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

በደህና ሰንብቱ።