ልጁን ማን ወሰደው?

እድራችን ለቀብር ሲወጣ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። የማኅበሩ ጽዋ በዚህ ወር በማን ቤት እንዳለ፣ በሚቀጥለው ወር ማን እንደሚረከብ ሙሴው ጠንቅቆ ያውቃል። ለአዋቂው ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአምስት ዓመት ልጅ ለሰንበት ትምህርት ቤት ስንሰጥ ግን «ግባ፣ ስትጨርስ ና» ብለን እንለቀዋለን። ጫማችንን እንኳ በር ላይ ስናወልቅ በዓይናችን ምልክት አድርገን ነው።

ድሮ ችግር አልነበረውም። በቢቸናም ሆነ በሞጣ የንስሐ አባት ቤቱን ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ልጁን ሲያዩት «የእገሌ ልጅ» ይላሉ። ዛሬ ከየገጠር ቀበሌው ለትምህርት መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አባትና እናታቸውን ግቢው ውስጥ ማንም አያውቃቸውም። በዚያ ላይ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚይዘው ከ4 ዓመት ሕፃን አንሥቶ እስከ 30 ዓመት ወጣት ነው። ጉባኤው ሲበተን ትንሿን ልጅ እጇን ይዞ የሚወጣው ጎልማሳ ወንድሟ ይሁን ሌላ፣ በር ላይ የቆመው ልጅ እግር አስተማሪ በምን ይለያል?

መዝገብ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ የሰበካ ጉባኤ አባል ይመዘገባል፣ አስተዋጽኦውም ይጻፋል። የጎደለው የሕፃናቱ መግቢያና መውጫ ነው።

በአሜሪካ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ልጅ ሲቀበሉ አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ያትማሉ፤ አንዱ በልጁ ደረት ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው በወላጅ እጅ ይቀራል። ቁጥሩ ካልገጠመ ልጁ አይወጣም። ማሽኑን ትተን ሐሳቡን ብንወስድ ይበቃናል። መብራት ሲጠፋ የሚቆም ሥርዓት ለእኛ አይሆንም፤ ካርቶን ቆራርጦ ቁጥሩን ሁለት ሁለት ጊዜ መጻፍ፣ አንዱን በመርፌ ቁልፍ ከልጁ ልብስ ማያያዝ፣ ሌላውን ለአያት መስጠት ግን ማንም ይችላል።

አስቸጋሪው ስሙ ነው። አያት «ማሙሽ» ብላ ታስመዘግበዋለች፤ እናት በትምህርት ቤት ስሙ ትጠይቃለች፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የተቀበሉት የክርስትና ስም ደግሞ ሌላ ነው። የክርስትና ስም ለጸሎት እንጂ በግቢ ለመጣራት አይደለም፣ ከመዝገቡ ቢቀር እመርጣለሁ። የትምህርት ቤት ስም እስከ አያት፣ የቤት ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ ከዚያም ልጁን መውሰድ የሚችሉ የሁለት ሰዎች ስም ይጻፍ። ባልና ሚስት የተለያዩ እንደሆነ ይህችኛዋን መስመር ሁለቱም አይተው ይፈርሙባት። የበር ጠባቂው ልጅ በሰው ትዳር ዳኛ መሆን የለበትም።

እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አንድ ጎበዝ ወጣት ስልኩ ላይ ዝርዝር አዘጋጅቶ ነው። ደስ ይላል፤ ግን ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ዝርዝሩም የይለፍ ቃሉም አብረውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ዋናው ደብተሩ ይሁን፣ ስልኩ ቅጂ። ደብተሩ በሰበካ ጉባኤው ቁም ሣጥን ይቀመጥ። በየእሑዱ ሁለት ተረኛ ይመደብ፤ አንዱ ወላጅ፣ አንዱ አስተማሪ። የተራው ዝርዝር እንደ ጽዋው ለዓመት አስቀድሞ ይታወቅ፤ ተረኛው ቢታመም ተተኪ የሚያቀርበው ራሱ ነው።

ደግሞ የልጆቹን ስምና ስልክ በቴሌግራም የምትለጥፉ ተዉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግ አለ፤ ሕጉ ባይኖርም የማንም ልጅ አድራሻ አደባባይ አይወጣም።

ጥምቀትን የመሰለ በዓል ሲሆን ደብተሩ አይበቃም፤ ታቦት ተከትሎ የወጣን ሕዝብ ማን በር ላይ ይቆጥረዋል? ያን ቀን በልጁ ኪስ የአባቱን ስም፣ የሰፈሩንና የስልኩን ቁጥር የያዘ ወረቀት ክተቱ። በድምፅ ማጉያ «ቀይ ሹራብ የለበሰች ሕፃን» ሲባል ቀይ ሹራብ ያላት ሕፃን ብዙ ናት።

ሰው ሁሉ ሄዶ አንድ ልጅ ቢቀርስ? ተረኞቹ ሁለቱም አብረውት ይቆዩ። «ሰፈሩን አውቀዋለሁ፣ እግረ መንገዴን ላድርሰው» የሚል ደግ ሰው ቢመጣም ስሙ መዝገቡ ላይ ከሌለ ይመስገን፣ ይሂድ። ልጁ ከግቢው ሳይወጣ እናቱ ይደወልላት። እስክትመጣ ቢርበው ከሰንበቴው ቁራሽ ዳቦ አይጠፋም።