«እንደገና ሞክረው» መድኃኒት አይደለም

በእኛ ላብ አውቶማቲክ ቴስት ቀይ ሲያሳይ የመጀመሪያው ምክር «እንደገና ሞክረው» ነው። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ! በሁለተኛው አረንጓዴ ከሆነ ተመስገን ብለን ወደ ሻይ ቤት እንሄዳለን። ይህ ልማድ ግን ጎድቶናል።

ባለፈው ሴሚስተር የቡድናችንን ፕሮጀክት ልናቀርብ አንድ ቀን ሲቀረን ቴስቱ ወደቀ። የቀየርነው የመግለጫ ጽሑፍ ብቻ ነበር። እንዲያውም ቴስቱ ጭራሽ አልጀመረም፤ ሰርቨሩ የወደቀው ገና ላይብረሪዎቹን ኢንስቶል ሲያደርግ ነው። እኛ ግን «ኔትወርክ ነው» ብለን ስድስት ጊዜ ደጋገምነው። የስህተቱን መልእክት ያነበበ አልነበረም። ኋላ ስናየው ጥፋቱ የራሳችን ሆነ፤ ሎክ ፋይሉን «ዝም ብሎ ቦታ ይይዛል» ብለን ከጊት አስወጥተነው ነበር። ስለዚህ ሰርቨሩ በዚያው ቀን የወጣ አዲስ ቨርዥን አወረደ፤ እሱም ከሌላው ላይብረሪ ጋር አልተስማማም። በማግስቱ በጓደኛዬ ላፕቶፕ አቀረብን። ፈታኙ «በእኔ ኮምፒውተር ጫኑት» ሲሉን አልተቻለም፤ ማርካችንም አብሮ ሄደ።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በ2016 እ.ኤ.አ. «ሌፍት-ፓድ» የሚባል 11 መስመር ኮድ ባለቤቱ ከኤንፒኤም ሲያነሳው፣ ስሙን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ፕሮጀክቶች ሳይቀሩ ኢንስቶል ማድረግ አቃታቸው። የተመለሰው ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሎክ ፋይሉን ከኮዱ ጋር ማስገባት፤ ሰርቨሩ ላይም «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ሳይሆን «ኤንፒኤም ሲአይ» ማዘዝ። ይኸኛው በሎክ ፋይሉ የተጻፈውን ብቻ ይጭናል፤ ፋይሎቹ ካልተስማሙ ስህተት ብሎ ይቆማል እንጂ በራሱ አይቀይርም። የኖድ ቨርዥንም ሁላችንም ጋ አንድ ይሁን። የወረደውን ካሽ ማድረግ ደግሞ ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቀን እፎይታ ነው።

«ከቆለፍን የደህንነት ማስተካከያ ያመልጠናል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን መቆለፍ ማለት አለማሳደስ አይደለም። አውቀን፣ ለብቻው፣ ቴስት እያደረግን እናሳድስ ማለት ነው እንጂ በፈተና ዋዜማ ሳናውቀው ይቀየርብን ማለት አይደለም።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። ፕሮጀክት ስትገመግሙ «ባዶ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል ወይ?» ብላችሁ ከመጀመሪያው ወር ጠይቁን። ሳይቃጠል በቅጠል ይሻላል።