ከመደበቅ በፊት መፈለግ

ድብብቆሽ ሲጫወቱ ያደጉ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ፈላጊ ከመሆን ይልቅ ተደባቂ መሆን ይወደዳል። ጂኦካሺንግ በተባለው ጨዋታም ይኸው ዝንባሌ ይታያል። በዚህ ጨዋታ ደባቂው ውኃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ የመፈረሚያ ደብተር አኑሮ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ያሳውቃል። ፈላጊው በጂ.ፒ.ኤስ. እየተመራ ይደርስና ስሙን ጽፎ ዕቃውን ወደ ነበረበት ይመልሳል። በለቡም ሆነ በሌሎች የመዲናችን ሰፈሮች ይህን ጨዋታ ለመጀመር የሚያስቡ ተማሪዎች ከመደበቃቸው በፊት ፈላጊ ሆነው እንዲሠለጥኑ እንሻለን።

የጨዋታው ታሪክ ራሱ ይህንኑ ያስተምራል። የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል ተጠቃሚዎች የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምር የነበረውን ስህተት በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2000) አነሣ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት የመጀመሪያውን ዕቃ ደበቀ። ኡልመር ዕቃውን ከፊሉን መሬት ውስጥ ቀብሮት ነበር፤ ዛሬ ግን የጨዋታው ደንብ መሬት ቆፍሮ መደበቅን ይከለክላል። ደንቡ የተወለደው ከልምድ ነውና።

ልምድ በመጀመሪያ የሚያስተምረው የልኬትን ጠባይ ነው። በለቡ ኬክሮስ ላይ የአንድ ደቂቃ አንድ ሺሕኛ በምድር ላይ 1.8 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ አኃዝ በአንድ ያሳሳተ ደባቂ ፈላጊውን ከ180 ሜትር በላይ ያርቀዋል። ሰማዩ ገልጦ በሚታይበት ሜዳ የእጅ ስልክ እስከ 5 ሜትር ድረስ ሊቀርብ ሲችል፣ በሕንፃዎች መካከል ግን ምልክቱ ከግንብ እየነጠረ ልኬቱን ያዛባል። ለዓመታት ስንገለገልባቸው የኖርናቸው የ1፡50,000 ካርታዎች ደግሞ የተዘጋጁት አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚጠቀምበት መነሻ ሌላ በመሆኑ፣ ከካርታው የተነበበን ቁጥር እንዳለ የሚያሳውቅ ሰው ከመቶ ሜትር በላይ ይስታል። ይህን ሁሉ በቃል ከሚያጠና ይልቅ በቦታው ቆሞ ዕቃውን ያጣ ፈላጊ አይረሳውም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ሰው ነው። በለቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ጣቢያ አለ፤ ጥበቃ የቆመባቸው አጥሮችና የመኖሪያ ግቢዎችም አሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ የተተወ ባለቤት የሌለው ሣጥን ሽብር ይፈጥራል፤ በሰው አጥር ሥር የሚያንጎዳጉድ ወጣትም ሌባ መባሉ አይቀርም። በዐይነ ቁራኛ እየታየ የፈለገ ሰው ግን ሲደብቅ የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅን፣ ከጣቢያና ከመሰል ተቋማት መራቅን አይዘነጋም። አንድ ግዴለሽ ደባቂ የሚያስከትለው ጥርጣሬ በተከታዮቹ ሁሉ ላይ በር ይዘጋል።

«በከተማችን የተደበቀው ጥቂት ሆኖ ሳለ ልምዱ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሳችን ዕቃ ሳይቀመጥም ልምምድ ይቻላል የሚል ነው። ሁለት ጓደኛሞች አንድን ዛፍ ወይም ድንጋይ ይምረጡ፤ አንደኛው በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን ይውሰድ፤ ሌላው በቁጥሩ ብቻ ተመርቶ ይፈልግ፤ ከዚያም ልዩነቱን በሜትር ይመዝግቡ፤ ቀጥሎም ሚና ይለዋወጡ። የተመረጠውን ዕቃ ባዶውን በግቢያቸው አስቀምጠው አንድ ክረምት ዝናቡን ይቻል እንደሆነ ይፈትኑት። ይህ ከጨዋታም አልፎ የመስክ ሳይንስ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ሃያ ጊዜ ያህል ፈልጎ ያገኘና ጥቂት ጊዜም ፈልጎ ያጣ ተማሪ በለቡ የሚያኖረው ሣጥን ፈላጊውን የሚያስደስት፣ ጎረቤቱን የማያስደነግጥ ይሆናል።