አዲስ አውሮፕላን የጤና ምስክር አይደለም

አየር መንገድ አዲስ አውሮፕላን ሲረከብ እናጨበጭባለን፤ ያገለገለ ሲገዛ «ከስሯል» እንላለን። አበዳሪ ግን በጭብጨባ አይከፈልም።

ኖርዌጂያን በ2012 (በፈረንጆቹ) 222 አዳዲስ አውሮፕላኖች አዘዘ። በ2020 ከአበዳሪዎቹ ከለላ ፍለጋ ፍርድ ቤት ገባ፤ በ2021 ድሪምላይነሮቹን ትቶ ከረጅም ርቀት በረራ ወጣ። «ኮቪድ ነው» ትሉኛላችሁ። ዕዳው የተቆለለው ግን ከኮቪድ በፊት ነው።

አሜሪካዊው አሌጂያንት ደግሞ ሌሎች የሸኟቸውን ኤምዲ-80ዎች በርካሽ ሰብስቦ እስከ 2018 አበረረ፤ አተረፈባቸውም። ነዳጅ ይጠጣሉ፣ ጥገናቸውም ብዙ ነው፤ እውነት። ነዳጅ የሚከፈለው ግን ሲበር ብቻ ነው። የአዲሱ ወርሃዊ ክፍያ አውሮፕላኑ ቆሞም ይቆጥራል። አሌጂያንት ገበያ በሚቀዘቅዝበት ማክሰኞ አውሮፕላኖቹን አቁሞ እንቅልፉን ይተኛ ነበር። ባለዕዳ እንዲህ መተኛት ይችላል?

አሮጌ ሁሉ ያዋጣል አልወጣኝም። እንደ አዲስ አበባ–ዋሽንግተን ባለ ረጅም መስመር ቀን ከሌት ለሚበር፣ የነዳጅ ቁጠባው የአዲሱን ዋጋ ሊመልስ ይችላል። በሳምንት ሦስት ቀን ለሚበር ግን አዲስ መግዛት ለፎቶ ነው።

እና ሪባን ሲቆረጥ የቀለሙን ማማር አትንገሩን። በቀን ስንት ሰዓት ይበራል? በወር ስንት ዶላር ይከፈልበታል?